በመቃብሩ በኩል ያለው ቧንቧ

ዓርብ፣ ሐምሌ 3

ምክትሌ ዛሬ ሳይሰናበተኝ ወደ ተራራዋ ከተማ ወደ ሼክ ወጣ። «ኸሪፍ ገብቷልና» የሚል መልእክት ለጸሐፊዋ ትቶልኛል። የሙቀቱና የአሸዋው ወራት፣ ኸሪፍ፣ መግባቱን ከእሱ ልስማ እንዴ! ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ አሸዋ እየረጨ ፊቴን ይገርፈኛል። በርበራ እንደየዓመቱ ባዶዋን ቀርታለች። አቅም ያለው ሁሉ ተራራ ላይ ነው። ሻይ ቤቱ ተዘግቷል። ኢማሙ እንኳ ወጥቷል። የቀረነው ዓሣ አጥማጆች፣ የወደብ ዘበኞች፣ ፍየሎችና እኔ ነን። ውሃ ዕረፍት አይወጣም፤ የውሃው መሐንዲስም እንደዚያው።

ዘንድሮ ሚስቴ ከልቱንም አለች። ሌላ ጊዜ ልጆቹን ይዛ ቀድማ ትወጣ ነበር። አሁን ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ሄደው እሷ ቀርታለች። በአርባ ሦስት ዓመቷ ስድስተኛውን ፀንሳለች፤ ማናችንም አላሰብነውም ነበር። የሼክን ዳገት አውቀዋለሁ፤ ጠመዝማዛው ጤነኛውን ሰው ያስመልሰዋል። «አትሄጂም» አልኳት። ተገቢ ውሳኔ ነው።

ወንድሟ ቡራሌ ከሼክ ደወለ።

«አማቼ፣ ላካት እንጂ። ራሴ መጥቼ ቀስ ብዬ እነዳታለሁ። እዚህ ቀዝቃዛ አየር አለ፣ ወተት አለ፣ ሴቶች አሉ። እዚያ ካንተ በቀር ማን አላት?»

«እኔ አንሳለሁ?»

«አንተማ መሐንዲስ ነህ» ብሎ ሳቀ።

ዘጋሁበት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

ሁለተኛው ፓምፕ አሸዋ ውጦ ቆመ። ምክትል የለ፣ ጠጋኝ የለ፤ እስከ ቀትር በገዛ እጄ ስፈታው ዋልኩ።

ከልቱን ወገቤን ትላለች። ሙቀቱ ነው አልኳት። በዚህ ሙቀት የማን ወገብ ደህና ይሆናል?

ጎረቤታችን ደሃቦ የተጠበሰ ዓሣ አመጣች። ባሏ ጀልባውን ጥሎ መሄድ ስለማይሆንለት እሷም ቀርታለች። አፏ አያርፍም። «ኢንጂነር፣ ይቺን ሴት ለምን አሰርካት?» አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። «ፍየል እንኳ በኸሪፍ ጥላ ይፈለግላታል።» ሳህኑን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁ።

ጨው በዝቶበታል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

ከልቱን ደወለች። በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ደም አለች። ደሃቦ ቤቷ የለችም። አዋላጇ ተራራ ናት።

አለቀ።

ቀብሬአለሁ። ከመቃብሩ አጥር ሥር። በኋላ እጽፋለሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

በትክክል መጻፍ አለብኝ።

አምስት ልጆች አሉኝ። አንዳቸውም ሲወለዱ አላየሁም። እኛ ዘንድ ምጥ ሲጀምር ወንድ ይባረራል። ሻይ ቤት ይቀመጣል፤ አንዲት አሮጊት መጥታ «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» ትለዋለች፤ እሱም ለተቀመጠው ሁሉ ሻይ ያዝዛል። ስለ መውለድ የማውቀው የሻይ ቤቱን ወንበር ብቻ ነው። ስለዚህ የትናንቱን ከምን ጋር ላስተያየው?

ስደርስ ምንጣፉ ላይ በእጇና በጉልበቷ ቆማ ነበር። አሸዋው እንዳይገባ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ክፍሉ እቶን ነው። ፅንስ ሲጨነግፍ ደም ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ከወር አበባ በርከት ያለ ደም። የሆነ ቦታ አንብቤው ይሆናል። ማንም ይጻፈው፣ ሐሰት ነው። ምጥ ነው። ይመጣል፣ ወገቧን ይዞ ያጎብጣታል፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ይለቃታል። ትንፋሿን ሳትሰበስብ እንደገና ይመጣል።

ላነሳት ሞከርኩ።

«አትንካኝ!»

ሃያ አራት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም።

«መኪናው በር ላይ ነው። ክሊኒክ እንሂድ።»

«የት ልሂድ! መጣ እኮ!»

እንሽርቱ ፈሰሰ። ለዚህም እንሽርት እንዳለው አላውቅም ነበር። አንገቷ ሥር ያለው ጅማት ተወጥሮ ሳየው የሚበጠስ መሰለኝ። እኔ ፎጣ ይዤ እንደ ሐውልት ቆሜአለሁ።

«ያዝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ዋርፋ፣ ያዝ!»

ያዝኩ።

ከመዳፌ አይበልጥም። ሙቀት ነበረው። ሌላ አልጽፍም።

ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ብርድ ልብስ አለችኝ። በርበራ ላይ፣ በኸሪፍ፣ በቀትር፣ ብርድ ልብስ! ቤቱን ሁሉ አገላብጬ ያገኘሁት የሶፋውን ልብስ ነው። እሱን ደረብኩላት። ደሃቦ ስትመጣ ምንጣፉን አይታ «እህ» አለች፤ ደሙንም ጠራረገች። «ወርዷል። እንቅልፍ ይሻላታል» አለች። ክሊኒክ መሄድ አያስፈልግም ማለቷ ነው። እኔም እንደዚያ ነው የተረዳሁት።

መስጊድ ሄድኩ። ሙአዚኑ ብቻውን ተቀምጦ ያራግባል።

«አራት ወር ሞልቷል?» አለኝ። «ከሞላ ልጅ ነው። ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ስም ወጥቶለት ይቀበራል። ካልሞላ በጨርቅ ጠቅልለህ አፈር ታለብሰዋለህ።»

«አልሞላም» አልኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጨረስ ነበረብኝ። አንድ ሰው መወሰን አለበት።

አፈሩ አሸዋ ነው። በቆፈርኩ ቁጥር ይደረመሳል። እንደምፈልገው ጥልቅ አልሆነልኝም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

ፓምፑ ተነሣ። ከልቱን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

አመሻሽ ላይ በመቃብሩ በኩል ያለውን ቧንቧ አየሁ። ደህና ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 13

ጡቷ አጋተ። እንዲህም ይሆናል ብሎ የነገረኝ የለም። ቀሚሷ ሁለት ቦታ ረጥቧል። እሷም ቁልቁል ታየዋለች።

«ለማን ብሎ መጣ?» አለች።

ደሃቦ ሻሽ ይዛ ገባች፤ ደረቷን ጠምጥማ ልታስርላት። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። መስማት ፈልጌ አይደለም፤ ቤቱ ጠባብ ነው።

«ይደርቃል፣ ግድ የለም። እጅሽን አንሺ። አልወለድሽ፣ ምን አራስ አራስ ያጫውትሻል? ደም ነው፣ ወረደ፣ አበቃ። ነገ ተነሽና ታጠቢ።»

«ደሃቦ፣ ስንት ወልደሻል?»

«ሰባት፣ ዐይን አይይብኝ።»

«ስንት ወረደብሽ?»

ሻሹን ሳብ አድርጋ ስታስር ተሰማኝ።

«ማን ቆጥሮት» አለች ደሃቦ።

በኋላ መስኮቱ ደፍ ላይ የሻይ ብርጭቆ አገኘሁ፤ ሥሩ ላይ ነጣ ያለ ነገር አለበት። «ዕቃ እንዲህ ይተዋል?» ብዬ ከጮኽኩ በኋላ ነው የገባኝ። ብርጭቆውን አጠብኩት። ደግሜ አጠብኩት።

ቧንቧው ደህና ነው። ነፋሱ ከላዩ አሸዋውን ጠርጎት ነበር፤ መለስኩና ድንጋይ ጫንኩበት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

ለምሳ ስገባ ከልቱን ምድጃው ፊት ቆማ ሩዝ ታማስላለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማን ተነሽ አለሽ?»

«ማንስ ተኚ አለኝ?»

አምስቱንም ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። ቤቱ በሴት ይሞላል፤ ሾርባው፣ ገንፎው፣ አብሹ። እኔ በገዛ ቤቴ መቀመጫ አጥቼ እነጫነጭ ነበር። አሁን መቀመጫው ሁሉ ባዶ ነው። አንዲት ሴት ያው ምጥ ይዟት፣ ያው ደም ፈሷት፣ ጡቷ በወተት ተወጥሮ፣ የታቀፈችው ስለሌለ ብቻ ሩዝ ቀቅዪ ትባላለች! ይህን ሕግ ያወጣው ማነው? ደሃቦን ልጠይቃት ነበር፤ ስደርስ በሯ ተዘግቷል።

አብሽ ልገዛ ሄድኩ። ባለ ሱቁ አብሹን ሲመዝን ፊቱ በራ።

«ኢንጂነር! እንኳን ደስ ያለህ! ምን ወለደች?»

«ለእኔ ነው። ለጨጓራዬ» አልኩ።

እንዴት እንደሚበጠበጥ አላውቅም። አቅርቤላት ማንኪያውን ብታቆመው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሲሚንቶ አደረግከው እኮ» አለች። ግን ጠጣችው።

ከዚያ ጠየቅኋት። የትኛው ይብሳል አልኩ፤ መውለዱ ወይስ ይህ?

«አንተ ደግሞ ለክተሽ ንገሪኝ ልትለኝ ነው» አለች። ማንኪያውን አዞረችው። «ስወልድ ምጡ መንገዱን ያውቃል። ያመኛል፣ ግን ይዞኝ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ እኔም እገፋለሁ፤ አንድ ላይ ነን። ይሄኛውም ያው ምጥ ነው፣ ያው ወገብ ነው። ግን እኔ እንዳይሄድ እጨብጣለሁ፣ እሱ ይመነትፈኛል። ከገዛ ሰውነቴ ጋር ነው የተናነቅሁት።»

«ሕመሙስ?»

«ልጅ ሲወጣ ደረቴ ላይ ያኖሩልኛል። ያን ጊዜ ሕመሙ ይረሳል ይላሉ። አይረሳም። የሚያስቀምጡበት ቦታ ይገኛል እንጂ። ይሄን የት ላስቀምጠው?»

ሩዙ አረረ። እኔ ነኝ ያላነሣሁት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 18

ትኩሳት። ሽታ አለው። ደሙ እንደገና። ክሊኒክ ነን።

የቡራሌ ስልክ አይሠራም።

አይሠራም።

አይሠራም።

እሑድ፣ ሐምሌ 19

ክሊኒኩ ከወደቡ ጀርባ ነው። ሐኪሟ ዶክተር ሂባቅ ትባላለች፤ ከትልቋ ልጄ በዕድሜ ብትበልጥ በጥቂት ነው።

«የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ማሕፀን ውስጥ ቀርቷል፤ መርቅዟል» አለችኝ። «አሁኑኑ መጠረግ አለበት። ፈርምልኝ።»

«ወንድሟ መስማት አለበት» አልኩ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የወገኖቿ ናት። የሐኪም መሣሪያ የሚነካት ከሆነ ቃል የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ያለ ቃላቸው የፈረመ ባል፣ አንድ ነገር ቢከተል፣ ጉዳዩ የደም ጉዳይ ይሆንበታል። ደግሞስ ቡራሌ ምን እንደሚል አላውቅም? «ላካት ብዬህ አልነበር? በሙቀት ዘጋህባት፣ ሳትነግረኝ ፈረምክባት» ይላል። በጎሣው ፊት ይለዋል። ስለዚህ መጠበቁ ሥርዓት ነው። እኔ በየስብሰባው ይህን ልማድ ስነቅፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም መንቀፍ ሌላ፣ መጣስ ሌላ ነው።

«ለእኔ ያንተ ፊርማ ይበቃኛል» አለች።

«ለእሱ አይበቃውም።»

ደወልኩ። ጭጋግ ሲወርድ የሼክ ስልክ እንደሚጠፋ የታወቀ ነው። እንደገና ደወልኩ። ኮሪደሩ ላይ ተመላለስኩ። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ አየችኝ። በሦስተኛው ወገቧን ይዛ ፊቴ ቆመች።

«ኢንጂነር፣ ዋናው ቧንቧ ሲፈነዳም የአማችህን ፈቃድ ትጠብቃለህ?»

ከልጅ እንዲህ ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ልመልስላት አፌን ስከፍት ከውስጥ የከልቱን ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ ነው፤ ግን አይንቀጠቀጥም።

«ሂባቅ፣ ልጄ፣ ወረቀቱን ወዲህ አምጪው። የታመምኩት እኔ ነኝ።»

ተኝታ ፈረመች። ብዕሩ ወድቆ እኔ አነሣሁላት።

«ወንድሜ ከጠየቀ እሷ ናት በሉት» አለች። «ከሞትኩ ደግሞ መጥቶ ይክሰሰኝ።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ ዐይኗን በክርኗ ጠርጋ ገባች። እኔ ውጭ ቀረሁ።

ድናለች። ትኩሳቱ በርዷል። ስገባ ዐይኗን ጨፈነች፤ እንቅልፍ ነው። ሁሉም ነገር የቡራሌ ስልክ በመጥፋቱ የመጣ ነው። በዚህ ዘመን ስልኩ የማይሠራ ሰው ምን ይባላል?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 22

ቡራሌ መጣ። አንድ ጄሪካን የግመል ወተትና አንድ ሙክት በመኪናው ጭኖ። መልሴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ሥርዓቱ። እሱ እህቱ ዘንድ ገብቶ ረጅም ጊዜ ቆየ። ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ለምን ጠበቅከኝ?» አለ።

ተቆጥቶ አይደለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጥያቄው በደንብ አልቀረበም።

ይዟት ሊወጣ ፈልጎ ነበር። እሷ ግን እምቢ አለች፤ «አርባዬን እዚሁ እጨርሳለሁ።»

«የምን አርባ?» አለ።

«የአራስ።»

ደሃቦ በሩ ላይ ነበረች። አፏ ሲከፈት አየሁ። ከዚያ ተዘጋ። ይህ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው።

ቡራሌ እጀታውን ሰብስቦ ሙክቱን አረደ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 27

ደሃቦ የዘበኞቹን ሚስቶች ይዛ መጣች። ሾርባ፣ አብሽ፣ ጫጫታ። አብሹ እንደ ውሃ ቀጭን ነው፤ እንዲህ ነው የሚበጠበጠው ለካ። አንዷ «እኔንስ በኸሪፍ በጀልባ ላይ አይደል» ብላ ስትጀምር ሰማሁ። ሌላዋ «የኔ ሁለት ናቸው፣ ለእናቴም አልነገርኳት» አለች። ደሃቦ ቁጥሯን ተናገረች። ስንት እንዳለች አልሰማሁም፤ መጋረጃውን ገልጣ አየችኝ።

«ወንድ ምን ይሠራል እዚህ? ውጣ!»

ወጣሁ። እግሬ ወደ ሻይ ቤቱ ወሰደኝ። ዝግ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሱ የመዝጊያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል።

መጥቶ የሚነግረኝ የለም። ደግሞም አውቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 7

ፓምፕ ሁለት እንደገና። ምክትሌ ደውሎ «ሙቀቱ በረደ ወይ?» ይላል። ያልኩትን እዚህ አልጽፍም።

ከልቱን ታናግረኛለች። «ጨው አቀብለኝ» ትላለች። «መብራት ሄደ» ትላለች።

ልኬያት ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ይሆን ነበር። ወይም ሴቶቹ መሐል። ወይም አይሆንም ነበር። ይህን ማስላት ሞከርኩ። አይሰላም።

በመቃብሩ በኩል ያለው ቧንቧ ደህና ነው። ነፋሱ በአንድ ቀን የወሰደው አሸዋ ይገርማል። መለስኩት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 19

አመሻሽ ላይ ቁልፌን ሳነሣ ከልቱን ከአልጋው ተነሥታ ተቀመጠች።

«የት ነው?»

«ቧንቧ ላይ።»

«የቱን?»

«በመቃብሩ በኩል ያለውን።»

«በመቃብሩ በኩል ቧንቧ የለም» አለች።

ቁልፉን እጄ ላይ አገላበጥኩ።

«ሃያ አራት ዓመት የውሃ መሐንዲስ ሚስት ነኝ፣ ዋርፋ። መስመሩ ከዱባር ምንጭ መጥቶ በወደቡ ነው የሚዞረው። እዚያ መቃብር ብቻ ነው ያለው።»

ሻሏን ለበሰች። ዛሬ አርባዋ ሞልቷል። አራስ በዚህ ቀን ልጇን ታቅፋ፣ ሴቶች አጅበዋት ነው ከቤት የምትወጣው። እሷ እጇን በሻሉ ውስጥ ደብቃ ከእኔ ጋር ወጣች። ሴት መቃብር አትሄድም ልላት ነበር። አላልኩም።

የት እንደሆነ አላሳየኋትም። አጥሩን ይዛ ሄደች፣ ራሷ ቆመች። በየማዕዘኑ እኩል የተደረደረ ድንጋይ፣ ሌላ ምልክት የለውም።

«ይህንማ የደረደረው መሐንዲስ ነው» አለች።

ቁጢጥ አለች። ነፋሱ ሻሏን ይጎትታል።

«አራት ወር ሞልቶ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አምስቱን ስወልድ ገና ትንፋሼ ሳይመለስ ምን ወለደች ይባላል። ከጎዳናው ሁሉ ይጠይቃሉ። ይሄኛውን ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ አላየሁም፤ አንተ ነህ የያዝከው።» ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ነበር?»

አፌ አሸዋ ሞልቶት ነበር። ያቺ አሮጊት አምስት ጊዜ ሻይ ቤት መጥታ የነገረችኝን ዓይነት ቃል ነው፤ ቀላል ቃል ነው።

«ሴት ናት» አልኩ።

ከልቱን ራሷን ነቀነቀች። ጎንበስ ብላ በአሸዋው ላይ አንድ ስም ተናገረች፤ እኔም እንድሰማው ደገመችው። ከዚያ አንዱን ድንጋይ በሁለት እጇ አንሥታ ወደ ደቡብ ጫፍ አዛወረችው።

«ትልቁን በነፋሱ በኩል ነው የሚያደርጉት» አለች።

እውነቷን ነው። ይህን እንዴት እንደሳትኩት አላውቅም።

ስንመለስ ደሃቦ በራችን ላይ ሾርባ ይዛ ቆማለች፤ ክዳኑን በእጇ ተጭናዋለች።

«በዚህ ነፋስ የት ነበራችሁ እናንተ?»

«ቧንቧ ልናይ» አለች ከልቱን።

«ደህና ነው?»

ከልቱን ወደ እኔ ዞረች። መልሱን ለእኔ ተወችው።

«አይደለም» አልኩ።